የልጄን መንገድ መሪ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ

ይህ ነገር የደረሰብን ባለፈው ጥቅምት ነው። «የደረሰብን» አልኩ እንጂ ያደረስኩትስ እኔ ነኝ። እዚህ አሶሳ ብዙ ሰው የሰማው ሌላ ወሬ ነው። እኔም ወሬው ሲወራ አጠገቡ ቆሜ ዝም ብያለሁ። የነካሁት ነገር ሳይሆን ያ ዝምታዬ ነው እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው።

ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ ነበር፤ ከዚህ ሌላ አገር አላውቅም። በልጅነቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ያለችኝ አንድ ልጅ ሐያት ናት። አባቷ ከሞተ በኋላ በርበሬና ጨው እየቸረቸርኩ አሳደግኳት። ተማረችና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነች። ሥራዋ በየገጠር ቀበሌው እየዞሩ ፍየልና ከብት መከተብ ነው። ለዚሁ ብለው ሞተር ሳይክል ሰጧት።

ሞተሩን ይዛ ግቢ የገባች ቀን ጎረቤቱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲለኝ እኔ ደስ አላለኝም። ፈሪ ነኝ። ወጥታ እስክትመለስ እህል አይወርድልኝም።

አንድ ቀን ልታጽናናኝ ብላ «እማ፣ መንገድ የምታሳየኝ ሴትዮ አለች እኮ» አለችኝ።

ስልኳ ላይ ካርታ አለ። የምትሄድበትን ቀበሌ ከቤት ሳትወጣ ታስገባለታለች፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ከዚያ ስልኩን ጃኬቷ ኪስ ትከተዋለች፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፣ ሄልሜቷን ታጠልቃለች። መታጠፊያው ሲደርስ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ትነግራታለች። ሐያት ሁለት እጇን ከመሪው ላይ አታነሳም።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና ሰማሁት። የፈረንጅ ሴት ናት።

«ምን አለች?»

«ወደ ግራ ታጠፊ ነው የምትለው።»

«በአማርኛ ብትለውስ?»

«አማርኛ አታውቅም፣ እማ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ነገሩ ግን አልተዋጠልኝም። ሐያት እንግሊዝኛውን ታውቀዋለች። ቢሆንም ሰው ሲደነግጥ ቶሎ የሚገባው የእናቱ አፍ ነው ብዬ አሰብኩ። በልቧ ግራና ቀኙን እስክትተረጉመው ጎማው ገደል ቢገባስ? ይህን እያሰብኩ ስንት ቀን ሰነበትኩ።

በዚያን ጊዜ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ፊደል ለይቻለሁ። አዲስ አንባቢ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቁ የለ፤ የሳሙና ወረቀት፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የሱቅ በር፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ሰው አሰለቸሁ።

እሁድ ዕለት ሐያት ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ስልኳ ፍራሹ ላይ ነው። መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበርና በዋዜማው ቅዳሜ ገበያ ዳር ስልክ የሚጠግነው አጣሂር ቀይሮላት አዲስ መስሏል። አነሳሁት። ጣቷን በየት በኩል ጎትታ እንደምትከፍተው አይቼ አውቀዋለሁ። ካርታውን ከፈትኩ። ጥግ ላይ የድምፅ ማጉያ ሥዕል አለ፤ ነካሁት። ብዙ ጽሑፍ ተደርድሮ መጣ። ሁሉም የፈረንጅ ፊደል ነው። ወደ ታች ስገፋ፣ ስገፋ፣ አንድ የማውቀው ቃል ብቅ አለ። «አማርኛ» ይላል።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። «አታውቅም አልሽኝ፤ ይኸው ታውቃለች!» አልኩ በልቤ። ቃሉን ነካሁት፤ ከጎኑ ምልክት ወጣ። ስልኩን ዘግቼ ቦታው መለስኩት።

ለሐያት አልነገርኳትም። መንገድ ላይ ሴትዮዋ በአማርኛ ስታናግራት ደንግጣ ትሳቅ፣ ማታ መጥታ ታውራልኝ ብዬ ነው። ስሙ እዚያ ይጻፍ እንጂ በልጄ ስልክ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ድምፅ እንደሌለ እኔ ከየት አውቃለሁ?

ሰኞ ጠዋት ክትባቱን በበረዶ ዕቃው ይዛ በሆሞሻ ወረዳ በኩል ወጣች። አዲስ ቀበሌ ነው የምትሄደው፤ ከዚያ በፊት አታውቀውም። ጥቅምት ላይ በእኛ አገር ሣሩ ከሰው ቁመት ያልፋል። መንገዱ ሁሉ አንድ ይመስላል።

ሁልጊዜ በአሥር ሰዓት ትመለስ ነበር። አሥር ሰዓት አለፈ። ደወልኩ፤ «ማግኘት አይቻልም» ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ነጠላዬን አገላብጬ ለብሼ ከከተማ መውጫው ላይ ቆምኩ። ከሆሞሻ በኩል የሚመጣውን መኪና ሁሉ እያስቆምኩ «በሞተር የምትሄድ ልጅ አላያችሁም?» እላለሁ። አንዱ ሹፌር «ሴት ልጅ በሞተር? አንቺ ነሽ የላክሻት?» ብሎኝ አለፈ። ያ ቃል አጥንቴ ገባ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ አይሱዙ መጣ። ከላይ ሞተሩ ተጋድሟል። ሐያት ጋቢና ውስጥ ናት። ቀኝ እጇ በሻርፕ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፊቷ አፈር ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጤና ጣቢያ እጇን እያሰሩላት ነገረችኝ።

«ሴትዮዋ ዝም አለች፣ እማ። ዝም ስትል ደግሞ ቀጥ በይ ማለት ነው፤ ሁልጊዜም መታጠፊያ ከሌለ አትናገርም። እኔም ቀጥ አልኩ። ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። አንድ ሰዓት ሙሉ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ የእግር መንገድ ሆነ። የት ነው ያለሁት ብዬ ሳልቆም ስልኩን ከኪሴ ለማውጣት አንድ እጄን ለቀቅኩ። የፊት ጎማው አሸዋ ገባ።»

ሞተሩ እግሯ ላይ ወድቆ እንደተጋደመች ብዙ ቆይታለች። ወርቅ የሚቆፍሩ ሁለት ሰዎች ድምጿን ሰምተው በሣሩ ውስጥ መጡና አነሷት። እነሱ ባይደርሱስ ብዬ ማሰብ ዛሬም አልችልም። በረዶው ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። ገበሬዎቹ ፍየላቸውን አስረው እስከ እኩለ ቀን ጠብቀው ተበትነዋል። አለቃዋም በኋላ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት።

«ያ አጣሂር ነው!» አለች ሐያት ጥርሷን ነክሳ። «ቅዳሜ ከፍቶት ነው የተበላሸው። እስከዚያ ደህና ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ያ «አማርኛ» ነው። «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ። ነርሷ እጇን ስትጎትት ሐያት ጮኸች፤ እኔም አፌን ዘጋሁ። ሕመሙ ይለፍላት፣ ቤት ገብተን እነግራታለሁ አልኩ። ቤት ገባን። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ማክሰኞ አብረን ወደ አጣሂር ሄድን። አጣሂር የበርታ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። «ኻልቲ» ይለኛል፤ በእነሱ አክስቴ ማለት ነው። ከበርበሬዬ መደብ ፊት ለፊት ስለሆነ በየቀኑ እንተያያለን።

«ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ?» ሐያት ገና ሳትደርስ ጮኸች። የታሰረ እጇን አሳየችው። «ይኸው፣ የአንተ ሥራ!»

«ወላሂ እኔ መስታወት ብቻ ነው የቀየርኩ። ድምፅ አልነካም።»

ስልኩን ተቀብሎ ዘፈን ከፈተ፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። «ይኸው ይናገራል» አለ።

«ዘፈን ነው ሆሞሻ የሚያደርሰኝ?»

እዚያ የቆሙ ባጃጅ ነጂዎች ሳቁ። «አጣሂር፣ እያስጨፈርክ ላካታ!» አለው አንዱ።

አጣሂር ካርታውን ከፈተ። ትንሽ ነካካውና «ይሄ ነገር አልሠራሁበትም። እኔ ቤቴ ያለ ካርታ ነው የምገባ» አለ። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ሰዉ ግን ይበልጥ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ፈታው። ድምፅ የሚያወጣውን ዕቃ ከራሱ አውጥቶ ቀየረላት፤ ምንም አልቀበልም አለ። ገጠመው፣ ካርታውን ከፈተ። ሴትዮዋ አሁንም ጭጭ።

«ጭራሽ ዱዳ አደረጋት!» አለ ያው ባጃጅ ነጂ።

እኔ አጠገባቸው ነኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜአለሁ። አጣሂር ቀና ብሎ አየኝና «ኻልቲ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ፤ ልጅሽ ተቆጣ፣ ንገረው» አለ። ሐያትን አረጋጊልኝ ማለቱ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ ብዙም አይለይም። እኔ ምን አልኩት? «እንግዲህ ልጄ፣ ሥራህን ጠንቀቅ ብለህ ሥራ» አልኩት። በዚህ አፌ።

ያቺ «ዱዳ አደረጋት» የምትል ቃል ከባጃጅ ነጂው አፍ ወጥታ ገበያውን አዳረሰች። በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ሳለሁ አንዷ ሴት ስልኳ ባትሪ አልይዝ እንዳላት ስታወራ ሌላዋ «ለአጣሂር ስጪው፤ ዱዳ አድርጎ ይመልስልሻል» አለቻት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አላህ አፉ ይበለኝ፣ ይቅር ይበለኝ፣ እንዳያውቁብኝ ብዬ ከሁሉም አስበልጬ ሳቅሁ።

ከመደቤ ሆኜ አየዋለሁ። ስልክ ይዞ ይመጣ የነበረው ሰው አልፎት ወደ ሌላው ጠጋኝ ይሄዳል። አጣሂር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ባዶ እጁን ይቀመጣል። በየቀኑ ልነግረው እነሳለሁ፤ በየቀኑ በርበሬ የሚገዛ ሰው ይመጣልኛል። ባይመጣም የመጣ ይመስለኛል።

ከዚያ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤታችን በር ተንኳኳ። አጣሂር ነው። ሁለት ሽማግሎች ከፊት ይዟል። በፌስታል አዲስ የተነቀለ ለውዝ አንጠልጥሏል፤ ለሐያት መጠየቂያ።

ገብተው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ተናገሩ። «ይህ ልጅ አጥፍቻለሁ አላለም። ግን ልጅሽ ወድቃለች፣ እጇ ተሰብሯል፤ ሰውም እሱ ነው ብሏል። ሁለት ቤት ተቀያይሞ አይቀመጥም። አጥፍቶም ከሆነ፣ ሳያጠፋም ከሆነ፣ አፉ በሉን ብለን መጣን።»

ሐያት ልቧ ቶሎ ይሟሟል። «እናቴ አፉ ካለች እኔም ብያለሁ» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በእኛም በእነሱም ወግ ሽማግሌ ቤትሽ ድረስ መጥቶ ለምኖሽ አልልም አይባልም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ካላልኩ ነገሩ አያልቅም። አጣሂር አንገቱን ደፍቶ የምንጣፉን ጫፍ ያያል። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ሽማግሎቹም አሉ፣ ልጄም አለች።

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን፣ አሚን አልኩ። አጣሂር ተነስቶ እጄን ሳመ። ለውዙን ሐያት ቆላችው፤ ሲጎረስ እንደ ጠጠር ነበር።

ሁለት ቀን ሶላት ቆሜ የምለው ይጠፋብኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሐያትን «ስልኩን ስጪኝ፣ አጣሂር አንዴ ይየው» አልኳት።

«ተይው እማ፣ አፉ ተባብለናል እኮ» አለች። እጇ ስላልዳነ ሥራ አልጀመረችም ነበር። ብቻ ሰጠችኝ።

አጣሂር ብቻውን ነበር። ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም፤ እሁድን፣ ልብስ ማጠቡን፣ ማንበብ መቻሌን፣ ሁሉን አግበስብሼ ነገርኩት። በመጨረሻ ካርታውን ከፍቼ በጣቴ የድምፅ ማጉያዋን ሥዕል ነካሁለት። ዝርዝሩ መጣ። «አማርኛ» ላይ ምልክቱ አለ።

ዝርዝሩን ወደ ላይ ገፍቶ እንግሊዝኛውን ነካ። ወዲያው ሴትዮዋ ተናገረች። ከመደቡ ላይ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ያቺን የፈረንጅ ሴት ሰምቶ ያለቀሰ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አጣሂር አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ስልኩን ሰጠኝና ጠየቀኝ።

«ኻልቲ፣ ሽማግሎች ፊት አሚን ስትል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መፍቻውን አነሳ፣ አስቀመጠ። «እኔ ለእናቴ አልነካሁም አልኩ። እናቴ፣ 'ይሄ ሁሉ ሰው ውሸት አይናገርም፣ ሄደህ አፉ በል' አለ። እናቴ እኔን አላመነም፣ ኻልቲ።»

«ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

«ለኔ ተወው። ለእናቴ ንገር።»

ቤት ሄጄ መጀመሪያ ለሐያት ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «እማ፣ ሰውየውን እኮ ሰው ፊት ሰድቤዋለሁ። ያንን ማን ይመልስልኛል?» አለች። ከዚያ ግራ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እኔና ሐያት እነዚያኑ ሽማግሎች ለምነን ወደ አጣሂር ቤት ሄድን። እናቱ በዕድሜ ገፍተዋል። አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ ሽማግሌው ወደ በርታ ቋንቋ እየመለሱ ነገሩልኝ። ሽማግሌው ሲናገሩ የሴትየዋን ፊት አያለሁ። መሀል ላይ ዓይናቸው ከእኔ ወደ ልጃቸው ዞረና እዚያው ቀረ።

ሲያልቅ በቋንቋቸው ተናገሩ። ሽማግሌው ተረጎሙልኝ።

«እኔ ለዚች ሴት አፉ ከማለቴ በፊት ልጄ ለኔ አፉ ይበለኝ፣ ነው የምትለው» አሉ።

አጣሂር ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት ሳመ። እሳቸው ጭንቅላቱን ይዘው ቆዩ። እኔ የማየው አጣሁ፤ መሬት መሬት አየሁ።

በኋላ ለእኔም ተናገሩኝ። «ስልኩን የነካሽው ለልጅሽ ፈርተሽ ነው። እኔም እናት ነኝ፤ መንካትሽን አፉ ብያለሁ። በዝምታሽ የተጎዳው ግን ልጄ ነው፤ እሱን ጠይቂ» አሉኝ። ወደ አጣሂር ዞርኩ። «አፉ» አለ፤ አንዲት ቃል ብቻ። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሐያት እጇ ድኖ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ከባጃጅ ነጂዎቹ ፊት አጣሂርን ይቅርታ ጠይቃዋለች። ለአለቃዋም እውነቱን ነግራዋለች።

እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሴቶቹ ተሰብስበው ሳሉ «ያን ስልክ ዱዳ ያደረገው አጣሂር አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኳቸው። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስጨርስ አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና «አይ አንቺ! ደግ ነሽ እኮ። ልጁ ደንበኛ አጥቶ ስታይው አዝነሽለት ነው ጥፋቱን የወሰድሽለት። አንቺ ምን ስልክ ታውቂያለሽና!» አለችኝ። ሌሎቹም «እውነቷን ነው» አሉ።

ማልኩላቸው። ይበልጥ አመሰገኑኝ። አሁን በሰፈሩ የእኔ ስም ደግ ሴት ነው። የአጣሂር ስም ዛሬም ያው ነው።

ዛሬ ይህን በእጄ የምጽፈው ለዚያ ነው። ከዚህ በፊት ከአንድ ገጽ በላይ ጽፌ አላውቅም፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያነበበ ሰው ላላነበበው ይንገርልኝ። አጣሂር መስታወት ነው የቀየረው፤ በደንብ ነው የቀየረው። ደግ ነሽ የምትሉኝም እባካችሁ ተዉኝ፤ በተባልኩ ቁጥር ያ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፍ የሚያይ ልጅ ነው የሚታየኝ።